የልጆቻችንን የአባት ወገን ፍለጋ፦ ለማክዶዌል ጉዞ የጋራ ዕቅድ

ሐሳቡን ያቀረበችው እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ የጀመርኩትን አሁን ዘርዘር ላድርገው። የባለቤቴ ወገኖች ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከማክዶዌል ካውንቲ ናቸው። ቅድመ አያቱ ከአላባማ ተነስተው ከሰል ለመቆፈር ወደዚያ ተራራ የገቡ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እናቴ በስልክ አስጠንታቸዋለች። በአባታቸው በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ። ትንሹ ልጄ «ከዚያ በላይስ ማን አለ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

እንደ እኔ ያላችሁ በማኅበሩ ውስጥ ጥቂት አይደላችሁም። የዘንድሮው የልጆች ፕሮግራም ይህ ይሁን እላለሁ። በሜይ መጨረሻ፣ አሜሪካኖች በጦርነት የሞቱትን በሚያስቡበት በሜሞሪያል ዴይ እረፍት ሄደን የቤተሰቡን መቃብር እናጽዳ። የባለቤቴ አክስት አሁንም እዚያው ይኖራሉ። 91 ዓመታቸው ነው። አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፎቶ አላቸው።

ገንዘብ ያዡ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ልቤን ነክቶታል። ግን ከዋሽንግተን ስድስት ሰዓት ያህል መንዳት ነው፣ ማደሪያም ያስፈልጋል። የማኅበሩ ገንዘብ ለአንድ ቤት ወጣ እንዳይባል፣ ሌሎች ቤተሰቦችም ዘዴውን ተምረው በራሳቸው የሚቀጥሉበት መሆኑ በጽሑፍ ይግባ። ለሁለት መኪና ነዳጅና ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ከሆነ እኔ እደግፋለሁ። ምግብ ከየቤታችን እንይዛለን።

ፎቶ ቤት የነበሩት ጋሼ፦

ልጄ፣ ከመቃብሩ በፊት ካርቶኑ። ድንጋዩ ይጠብቀናል። ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚነግሩን ግን አክስትየው ብቻ ናቸው። እያንዳንዱን ፎቶ እያሳያችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ስም ብቻ አትጠይቁ። ቤቱ የት ነበር፣ ያቺ ወንበር የማን ናት፣ ማን አነሳው በሉ። ከኋላው በእስክሪብቶ እንዳትጽፉ። ለስላሳ እርሳስ ይሻላል፣ ያውም በቀስታ።

ከወረቀት ፎቶዎቹ መሀል ጠቆር ያለ፣ እንደ ቆርቆሮ የቀጠነ ካለ ለብቻ አስቀምጡት። ቲንታይፕ ይባላል። ከ1856 በኋላ የመጣ፣ ስስ ብረት ላይ የሚነሳ ፎቶ ነው። ርካሽ ስለነበር ብዙ ተራ ሰው ተነስቶበታል። ትንሽ ማግኔት ጠጋ ሲያደርጉለት ይሳባል። ፊቱን በጨርቅ መወልወል አይቻልም፣ ይላጣል።

መዝገብ ቤት የምትሠራው እህት፦

ጋሼ ትክክል ናቸው። እኔ ደግሞ የወረቀቱን ላክል። ከቅርቡ ወደ ሩቁ ነው የሚኬደው። የ1950 የሕዝብ ቆጠራ በ2022 ተከፍቷል። ከሱ በየአሥር ዓመቱ ወደ ኋላ እየወረድን 1900 እንደርሳለን። የ1890ው በ1921 በዋሽንግተን በተነሳ እሳት ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሃያ ዓመት ክፍተት አለ፣ ወደ 1880 መዝለል ግድ ነው። የ1870ው ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች እንደማንኛውም ሰው በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። በ1850 እና በ1860 የሚገኙት በአሳዳሪው ስም ሥር፣ በዕድሜና በፆታ ብቻ ነው። የራሳቸው ስም ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ይህን ለልጆቹ ሳንሸፋፍን አስቀድመን እንንገራቸው። እዚያ ሲደርሱ ድንገት እንዳይሆንባቸው።

የዌስት ቨርጂኒያ ቤተ መዛግብት የድሮ የሞት ምስክር ወረቀቶችን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። የወላጆች ስምና የተቀበሩበት ቦታ እዚያ አለ። ቃሉን የሰጠው ሰው ማን እንደሆነም ይታያል። ልጅ በሐዘን ላይ ሆኖ የአያቱን ስም ሊሳሳት ስለሚችል ከሌላ ወረቀት ጋር አስተያዩት።

መቃብሩ ያለው በግል መሬት ከሆነ፣ የግዛቱ ሕግ ለዘመድም ዘር ለሚያጠናም ሰው የመግቢያ መብት ይሰጣል። ባለመሬቱን ግን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን እኔ አረቃለሁ።

ሐሳቡን ያቀረበችው እህት፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ሁሉንም ተረጎምኩለት። እሱም ጊዜው ላይ አረመኝ። በሜይ ጫካው ለብሶ መቃብር አይታይም፣ እባብም ይወጣል አለኝ። ፍለጋው ቅጠል ሳይወጣ፣ በማርች መጀመሪያ ይሁን ይላል። ካውንቲው በ1950 ወደ 99,000 ሰው ነበረው። በ2020 የተቆጠረው 19,111 ብቻ ነው። የከሰሉ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰዉ ሄደ፣ መቃብሮቹን የሚያጸዳም ጠፋ።

ብዙዎቹ ጽሑፍ የላቸውም። ከሜዳ የተነሳ፣ ያልተጠረበ ድንጋይ ተተክሎባቸዋል። መሬቱ ጎድጎድ ብሎ፣ በብርዱ ወራት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ሐረግ ከተንሰራፋበት መቃብር መሆኑን መጠርጠር ነው። እግራቸው ወደ ምሥራቅ ነው፣ እንደኛው። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ዝም አልኩ። በነገራችን ላይ ልጆቹ የወደቀ ድንጋይ ካዩ እንዳያነሱት። በረኪናና የሽቦ ብሩሽም አንይዝም፣ ድንጋይ ይበላሉ። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

እስካሁን በተባለው መሠረት ረቂቁ ይኸው፦

«ማኅበሩ በፌብሩዋሪ ሁለት ሰው ወደ አክስትየው ይልካል፤ ፎቶዎቹ በስካነር ይገለበጣሉ፣ ድምፃቸው ይቀረጻል። በማርች አዋቂዎች ብቻ ሄደው መቃብሩን ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። በሜይ ልጆቹን ይዘን፣ የአካባቢው ሰው እንደሚያደርገው አበባ አኑረን፣ ምግብ አቅርበን እንውላለን። ዘዴው በአማርኛ ተጽፎ ለሁሉም አባል ይታደላል።»

ገንዘብ ያዡ፦

በዚህ እስማማለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ወጪ ተይዟል።

ሐሳቡን ያቀረበችው እህት፦

ትናንት ማታ አክስትየው ጋ ደወልን። የፍሪጃቸውን ማግኔት ወደ አንዱ ጥቁር ፎቶ ጠጋ አደረጉት። ያዘ! በስልክ ፎቶውን ልከውልናል። አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች፣ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። «የአያቴ እናት ናት» ብለዋል። ቀለበቱ ግን በቀኝ እጇ ነው። ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?

ጋሼ፦

ቲንታይፕ እንደ መስተዋት ግራና ቀኙን ያገላብጣል፣ ልጄ። ቀለበቱ ያለው ግራ እጇ ላይ ነው።

ሐሳቡን ያቀረበችው እህት፦

ለባለቤቴ ነገርኩት። ስልኩን ከእጁ አላወርድ ብሏል። አክስትየው ግን አንድ ነገር አጥብቀው ተናግረዋል። ካርቶኑ ከቤታቸው አይወጣም። ስለዚህ ስካነሩ ወደሳቸው መሄድ አለበት። ማን ይሄዳል?

ጋሼ፦

እኔ እሄዳለሁ። መኪና የሚነዳልኝ ሰው ብቻ ፈልጉልኝ።