ጅማ ሆኖ የአሜሪካ ወታደር የአስቤስቶስ ካንሰር ካሣ መጠየቅ

ጅረን፦ ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ድሮ በአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ቦይለር ክፍል ሠርተዋል፤ አሁን ጅማ ነው የሚኖሩት። ሜሶቴሊዮማ (በአብዛኛው በአስቤስቶስ፣ ማለትም ለሙቀት መከላከያ በሚውል ማዕድን ብናኝ የሚመጣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ተብለዋል። ከዚሁ ሆነው ካሣ ማግኘት ይችላሉ? ጠበቃስ ያስፈልጋል?

መዝገብ፦ እግዚአብሔር ይማራቸው። ይችላሉ፣ ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። መጀመሪያ ለአሜሪካ የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ቅጽ 21-0966 ላኩ፤ የማመልከቻውን ቀን ለ1 ዓመት ይይዝላችኋል። ዋናው ማመልከቻ 21-526ኢዜድ ነው። የስንብት ወረቀታቸው (ዲዲ-214) የሥራ መደባቸውን ያሳያል፤ በመርከብ ቦይለሮች ላይ አስቤስቶስ ይሠራበት ስለነበር የቦይለር ሠራተኛ መሆናቸው ትልቅ ማስረጃ ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በሐኪም ደብዳቤ ነው። «ሊሆን ይችላል» አይበቃም፤ በሽታው ከአገልግሎቱ የመጣበት ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑን ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። ለአስቤስቶስ ከተጋለጡ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ መከሰቱ ያለ ነገር ስለሆነ ሐኪሙ ይህንንም ያስፍር። ከጸደቀ፣ ካንሰሩ እስካለ ድረስ የካሣውን መጠን የሚወስነው የአካል ጉዳት ምዘና 100 በመቶ ነው።

ሐኪም፦ ከሳንባ ሽፋን የተቀዳ ውሃ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያረጋግጥም። እኛ ጋ ደግሞ ቶሎ ቲቢ ይባላል። የሥጋ ናሙና (ባዮፕሲ) ውጤት ያዙ፣ ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክም አስቀምጡ።

ደንብ፦ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ክፍያ መጠየቅ ሕገወጥ ነው፤ ዕውቅና ያላቸው የአርበኞች ማኅበራት በነጻ ይረዳሉ። ጠበቃ የሚያስፈልገው አስቤስቶስ አምራቾችንና የከሰሩትን ኩባንያዎች የካሣ ፈንድ ለመጠየቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ከተገኘው ገንዘብ ላይ ነው። የክስ ጊዜ ገደቡ በየግዛቱ ስለሚለያይ ምርመራው የታወቀበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ።