የገና ጉንጉን ከእርጥብ ቅጠል፦ ቶሎ እንዳይረግፍ ምን ይደረግ?

ልምላሜ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የበሩን የገና ጉንጉን ራሴ ልሠራው ነው፣ ፕላስቲኩ ሰለቸኝ። ጥድ አገኛለሁ፣ ባሕር ዛፍም አለ። ግን ሰዎች ሲሠሩት አያለሁ፣ ሳይቆይ ይጠወልግና ወለሉን ቅጠል በቅጠል ያደርገዋል። ደግሞ ቅርንጫፉ ክብ ሆኖ የሚያዘው በምንድን ነው? በሙጫ ወይስ በሽቦ? የሠራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ሽቦው፦
ሙጫውን እርሺው። እርጥብ ቅጠል ላይ አይይዝም፤ ቢይዝም ቅጠሉ ሲደርቅ ይኮማተርና ይላቀቃል። ጠንከር ያለ ሽቦ ወይም የልብስ መስቀያ አጣምመሽ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ሥሪ። ትንሽ መስሎሽ እንዳትታለይ፣ ቅጠሉ ሲታሰርበት በጣም ይሰፋል። ከዚያ ቅርንጫፉን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥሽ ሦስት አራቱን ባንድ ላይ ትይዥና እንጨቱን በቀጭን ሽቦ ሁለት ሦስት ዙር ጥብቅ አድርገሽ ከቀለበቱ ጋር ታስሪያለሽ። ቀጣዩ ዘለላ የፊተኛውን እንጨት ይሸፍን፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ሽቦውን በየመሃሉ አትቁረጪው፣ አንድ ወጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይዙር፤ አለበለዚያ በየቦታው የሾለ ጫፍ ይቀርና እጅሽን ይቧጭርሻል። ፈተናው የመጨረሻው ዘለላ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጠል ቀና አድርገሽ ከሥሩ ሸጉጪው።

እትዬ ጥድ፦
ልጄ፣ የመርገፉን ነገር ለእኔ ተይልኝ። ቅርንጫፍ ከተቆረጠ በኋላም በቅጠሉ በኩል ውሃ ማስወጣቱን አያቆምም፣ የሚተካለት ግን የለም። ስለዚህ ከመሥራትሽ በፊት ጫፉን እንደገና ቁረጪና ውሃ ውስጥ ይደር። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ቅርንጫፉን በጣቶችሽ መሃል ሳብ አድርጊው፤ ቅጠሉ እጅሽ ላይ ከቀረ ሌላ ፈልጊ። ከሰቀልሽው በኋላ በየሁለት ቀኑ ውሃ እርጪበት፣ ጀርባውንም አትርሺ። ከሁሉም በላይ ግን ቦታው ነው። ውጭ፣ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሳምንታት ይቆያል። ማሞቂያ አጠገብ ከሰቀልሽው ግን ውሃ ብታጠጪው ብትረጪው ዋጋ የለውም።

ቀጤማ፦
ባሕር ዛፉን ማንም አላነሳውም እኮ! ለጉንጉን ከእሱ የሚሻል የለም ባይ ነኝ፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይደበዝዛል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። ጥዱ መደቡ ይሁን፣ ባሕር ዛፉን በመሃል በመሃል ጣል ጣል አድርጊበት፣ ልክ ሳትጠብቂ። ደረቅ የጥድ ፍሬ ካገኘሽ ከታችኞቹ ቅርፊቶች ሥር ሽቦ አዙረሽ እሰሪው። ውሃ ሲነካው ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ ተበላሸ ብለሽ እንዳትጥዪው፣ ሲደርቅ መልሶ ይከፈታል። ደግሞ ሻማ አጠገቡ እንዳይደርስ! የደረቀ ጥድ በአንዴ ነው ቦግ የሚለው።

ልምላሜ፦
ኧረ ተባረኩልኝ! ቅርንጫፉን ቆርጬ ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። አሁን የቸገረኝ የዛፉ ሙጫ ነው፣ ጣቶቼን እርስ በርስ አጣበቃቸው፣ በሳሙና ባሽ ባሽ እምቢ አለ።

እትዬ ጥድ፦
ሳሙና ብቻውን አያስለቅቀውም። መጀመሪያ የምግብ ዘይት ቀብተሽ በደንብ እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። መቀሱንም እንደዚያው ወልውዪው፣ ነገ አልከፈት ይልሻል።