ፍሪጄ ጋዝ ጨርሷል ተባለ፣ መቼ እንዳስሞላሁ ግን ጠፋኝ! እርዱኝ

የጠባሴዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። የፍሪጄ ላይኛው ክፍል በረዶ መሥራት አቆመ። ሥጋው ቀልጦ ወለሉ ውኃ በውኃ ሆኗል። ታችኛው ደህና ነው። ባለሙያው አይቶ «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊትም እንዳስሞላሁ ትዝ ይለኛል። «መቼ? ማን ሞላው? ምን ዓይነት ጋዝ?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ወረቀት የለኝም። ነገ ጠዋት ይመጣል፣ እሺ ልበለው?

ባለ ጋቢው፦ ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር፣ ፍሪጅ? በረንዳው ላይ አስቀምጪው እንጂ! ደግሞስ ጾም ገብቶ ሥጋ ምን ይሠራልሻል?

የጠባሴዋ፦ ለልጆቹ ነው ወንድሜ። ሳቁን በኋላ፣ አሁን መላ ስጡኝ።

ቮልት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ መትቶት ነው። ስታብላይዘር ግዢ።

ጋሽ ደብተሬ፦ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ የመጣው ካለመጻፍ ነው። እኔ ቤት አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ለምጣዱ ገጽ አለው፣ ለፍሪጁ ገጽ አለው፣ ለውኃ ፓምፑም እንዲሁ። ቀኑ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የሠራው ሰው ስልክ ይጻፋል። ደረሰኙ እዚያው ይለጠፋል። የምጣዴ ሽቦ ስንቴ እንደተቀየረ ብትጠይቂኝ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ። የዛሬ ልጆች ግን ሁሉን ለስልክ...

ሸዋሮቢት፦ ጋሼ፣ እሷ ቤት ጎርፍ ገብቷል እርስዎ ደብተር ያሰምራሉ 😂 እኛ ቆላዎቹ ብንሆን ፍሪጅ አንድ ቀን ሲቆም አልቅሰናል።

ብየዳ፦ እኅቴ፣ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ አያልቅም። ቱቦው ድፍን ነው። ከቀነሰ ሾልኳል ማለት ነው። «የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው? በይደህ ነው የምትሞላው?» በይው። ዓይነቱ ሞተሩ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ አር-134ኤ ወይም አር-600ኤ ይላል። አንዱ በሌላው አይተካም፣ 600ው እሳት ይይዛል። ለመሆኑ ፍሪጁ የት ነው ያለው?

የጠባሴዋ፦ ውጭ ማድ ቤት። ምነው?

ቮልት፦ ስታብላይዘር አላት ወይ ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ እንጂ።

የአንኮበር ልጅ፦ መቼ እንዳስሞላሽ ለማወቅ ለባለሙያው በምን ከፈልሽ? በቴሌብር ከሆነ መልእክቱ ስልክሽ ላይ አለ። እኔ የልብስ ማጠቢያዬን ታሪክ በሙሉ እንደዚያ ነው የሰበሰብኩት።

የጠባሴዋ፦ ተባረክ! በፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው፣ ቆጥሬ ደረስኩበት። ኅዳር 22 ቀን 2016 እና ኅዳር 27 ቀን 2017። ለሁለት የተለያዩ ሰዎች። ሁለቴ አስሞልቻለሁ ማለት ነው ጉዴ!

ብየዳ፦ ሁለቱም ኅዳር! አሁንም ኅዳር! በሰኔስ በሚያዝያስ ምነው ዝም አለ? የብዙ ፍሪጅ ቴርሞስታት፣ ማለትም ቅዝቃዜውን እያየ ሞተሩን የሚያስነሳውና የሚያቆመው፣ ያለው ታችኛው ክፍል ነው። ማድ ቤቱ በውርጭ ሲቀዘቅዝ ታችኛው ያለ ሞተር ይበርዳል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ላይኛው ይቀልጣል። ሙከራው ቀላል ነው። ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ታች አስገቢ። ሞተሩ ተነስቶ ላይኛው መብረድ ከጀመረ ጋዝሽ አለ። ከዚያ ፍሪጁን ወደ ቤት አስገቢው።

ባለ ጋቢው፦ ቆይ፣ ፍሪጁም በርዶት ነው ማለት ነው? ጋቢ አልብሱት በሉኛ!

ጋሽ ደብተሬ፦ ሁለቱን ቀናት አሁኑኑ ጻፊያቸው። ፍሪጁ ጀርባ ላይ በማርከርም ቢሆን።

የአንኮበር ልጅ፦ እኅት፣ ባለሙያው መጣ? ሞተሩ ተነሳ?

ሸዋሮቢት፦ ሦስት ቀን ሆናት እኮ።

ቮልት፦ ስታብላይዘር ልትገዛ ሄዳ ይሆናል።