ብርን እየሰደበ ብር የሚቀበል አዝማሪ፦ ስላቅ ነው ወይስ ሙገሳ?

አስተባባሪው፦
እንዴት አመሻችሁ? የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው። ገንዘብ ሰውን እንዴት እንደሚያንበረክክ የሚሳለቁ ግጥሞች አዝማሪ ቤትም ሰርግ ላይም ይባላሉ። ሰሚው ይስቃል። ባለገንዘቡም አብሮ ይስቅና ተነስቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። እንዲህ ያለ ግጥም ገንዘብን ይነካዋል ወይስ ያሞግሰዋል? ለመነሻ የራሴን ጫር ጫር አድርጌያለሁ፦

ሲያጣ ሲነጣማ «ይሄ ደሞ ማነው?»
ሲያገኝ ወንበር ሁሉ «ጋሼ የርስዎ ነው»።
ዳኛም ሚዛን ይዞ ቆሞ ያመነታል፣
ፖስታው ሲወፍርማ ሕግ ይገለጥለታል።

የጎላው ልጅ፦
ቆንጆ ናት፤ ግን ማንንም አትነካም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ደንበኛው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያንኑ ያዜማል። ስንኝ ሰጪው ማን ነው? ከፋዩ። የሚሰደበውስ? ወይ እሱ ራሱ ወይ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው። ከፍሎ የሚሰደብ ሰው ተሰደበ አይባልም፣ ተዝናና ነው የሚባለው። በ2013 መስከረም ባለ 200 ብር ኖት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰርግ ላይ 10 ብር አውጥቶ መለጠፍ ራሱ አሳፋሪ ሆኗል። ስላቁ አላስፈራቸውም፣ ዋጋውን ነው ያስጨመራቸው።

መምህርት ከማርቆስ፦
አይ የኔ ልጅ፣ እንደሱ አትቸኩል። ግጥም ጉልበት ባይኖረው ኖሮ ግራዚያኒ ምን አስጨነቀው? በ1929 ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እየያዛችሁ ግደሉ ብሎ አዟል እኮ። ጦር፣ አውሮፕላን፣ መርዝ ጋዝ ያለው ሰውዬ ባለማሲንቆ ፈራ። ባለሥልጣኑንና ባለጸጋውን ፊት ለፊት የሚናገር ሌላ ማን ነበር? ሰምና ወርቁስ ለምን መጣ? ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለተመልካቹ።

የጎላው ልጅ፦
እትዬ፣ ያ እኮ ጠብመንጃ ነው። ጠብመንጃ ያለው ሰው ሲሰደብ ይተኩሳል። ገንዘብ አይተኩስም። ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ «ድገመው!» ይላል። እኔ ከግራዚያኒ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ወሎዬው፦
ላሊበላዎችን ረሳችኋቸው? ሌሊት ሊነጋጋ ሲል በር ላይ ቆመው የሚያዜሙትን። ከሰጠሃቸው ምርቃቱን ያዘንቡልሃል፣ ልጅህን፣ ከብትህን፣ ዘርህን። ከዘገየህ ደግሞ ሰፈር ሁሉ እየሰማ ይሸነቁጡሃል። እዚያ ስድቡም ምርቃቱም ዋጋ አለው፣ ማንም አልተደበቀም። እኔ ይሄን ከአዝማሪ ቤቱ የበለጠ ሐቀኛ ነው እላለሁ። ቢያንስ ነፃ ትችት ነው ብሎ የሚያታልልህ የለም። ደግሞ ሀብታሙ ቤት ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ነው የሚለው፣ አትርሱ፤ ከድሃው ብዙ አይጠብቁም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁም ስለ አዝማሪው ነው የምታወሩት። የግጥሙን መጀመሪያ ድጋሚ አንብቡት። የሚሳቅበት ማን ነው? ወንበሩን የለቀቀው ሰው። እሱ ማን ነው? ጥበቃው፣ አስተናጋጁ፣ የቢሮው ተላላኪ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ገና 2018 ላይ ነው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ያለው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው «ጋሼ ይቀመጡ» ቢል ገንዘብ አምልኮ አይደለም፣ ነገ በሥራው ለመገኘት ነው። ስለ ዳኛው ያለው ስንኝ ግን ትክክል ነው። እሱ ምርጫ አለው። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መሳቅ ግን ግፍ ነው።

አስተባባሪው፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ ልበል ወይስ ልከራከርሽ? የስላቅ ግጥም ደረጃ እየለየ አይስቅም፤ ሁሉንም ይጠርጋል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ሲባል እኮ ማን ጠረገው፣ ማን ከፈለው አይባልም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ለዚያ ነው የሰለቸኝ።

ዲሲ ነዋሪ፦
እናንተ ገና ማሲንቆ ላይ ናችሁ። የቲክቶክ ላይቭ ግቡና እዩ። በገንዘብ የሚገዛውን ስጦታ፣ «አንበሳ»ን፣ ለላከ ሰው ስሙ እየተጠራ ግጥም ይደረደርለታል፣ ላልላከው ደግሞ ሽሙጥ። ወሎዬው የነገረንን ላሊበላ በስልክ ማለት ነው። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የወር ደመወዟን ለማታውቀው ሰው ስትልክ ካየሁ በኋላ ግን መሳቅ አቃተኝ። እዚህ ሀብታሙ አይደለም የሚያስሞግሰው። ስሟን የሚጠራላት ያጣች ልጅ ናት።

መምህርት ከማርቆስ፦
ይሄ አሳዘነኝ። ታዲያ ለእሷ የሚገጥምላት ማን ነው? ከፋይ የሌለው ግጥም እንደሆነ ድሮም ነበር፤ እረኛውም፣ ወፍጮ ላይ ያለችውም እናት ይገጥሙ ነበር። ጌታ አልሰማቸውም ብላችሁ ልትንቁት ነው?

የጎላው ልጅ፦
አልንቅም እትዬ። አዝማሪውንም አልወቀስኩም፣ እሱም ኪራይ አለበት። እኔ ያልኩት ግጥሙ ገንዘብ አይነካም ነው። እንዲያውም ስለሱ ልጨምር፦

ብርንማ ብሰድብ ብር ለጠፉብኝ፣
ነገም እሰድባለሁ ጌታዬ ይምጡልኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ይሄኛው ይሻላል። ቢያንስ የሚስቀው በራሱ ነው።

አስተባባሪው፦
እሺ፣ የኔን የመጀመሪያ ሁለት መስመር ላወጣ ነው። ወንበሩን ከለቀቀው ይልቅ «ተነስ» ብሎ ባስለቀቀው ላይ የሚገጥም ካለ እስከ ነገ ማታ ይላክልኝ። ዳኛው ግን ይቀመጣል።