የጓሮ ትራክተር ጎማ በፈሳሽ ይሙላ ወይስ በብረት ይክበድ?

የውይይቱ አስተባባሪ፦
በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ሦስት ቤተሰቦች በጋራ የገዙት የጓሮ ትራክተር በሙቀቱ ወራት ሣር ያጭዳል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይገፋል፣ በመካከሉም ከፊቱ በተገጠመለት ትንሽ ሎደር አፈርና ፍግ ያመላልሳል። ዳገት ላይ የኋላ ጎማዎቹ ስለሚሾሩ አንዳንዶቹ ባለቤቶች ጎማዎቹ በፈሳሽ ተሞልተው እንዲከብዱ ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ግን ፈሳሽ የተሞላ ጎማ ግቢያቸው እንዲገባ አይፈቅዱም። ተመሳሳይ መሣሪያ ያላቸው አባላት ብዙ ስለሆኑ ጉዳዩን ለሁላችሁ አቅርቤዋለሁ።

ከሎውደን፣ ቨርጂኒያ፦
ከባለቤቶቹ አንዱ ነኝ፤ አቋሜም ይሙላ የሚል ነው። የእኛ ዓይነት የኋላ ጎማ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ሲሞላ 35 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ተራ ውኃ እንኳን ብንጨምርበት በሁለቱ ጎማዎች 70 ኪሎ፣ ከበድ ያለ ፈሳሽ ብንጨምር ደግሞ 90 ኪሎ ያህል እናገኛለን። ይህ ክብደት ከመሬት አጠገብ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ በመሆኑ ማሽኑን ተዳፋት ላይ ያረጋጋዋል፤ ወጪውም ቸርኬው ላይ በብሎን ከሚታሰረው ብረት ያነሰ ነው። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 74 ሴንቲ ሜትር በረዶ የተለካበትን ጊዜ እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እንደዚያ ባለ ቀን ቀላል ትራክተር በረዶውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚገፋው።

አሞላሉም ቢሆን የሚያስቸግር አይደለም። ትራክተሩ በክሪክ ይነሣል፣ ጎማው ቫልቩ ወደ ላይ እስኪሆን ድረስ ይዞራል፣ የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ይወጣል፣ ፈሳሹም በትንሽ ፓምፕ ይገባል። በየመካከሉ ቱቦውን ነቅሎ የታመቀውን አየር ማስተንፈስ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ ከቫልቩ እየቡለቀለቀ መውጣት ሲጀምር ሦስት አራተኛው ሞልቷል ማለት ነው።

ከፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ፦
እኔም ከባለቤቶቹ አንዷ ነኝ፤ ወንድሜ ከሎውደን ስለ ክብደቱ የጻፉት ትክክል ቢሆንም ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚገባ አልገለጹልንም፤ ክርክሩ ግን ያለው እዚያው ላይ ነው። ተራ ውኃ እዚህ በብርዱ ረግቶ በረዶ ይሆናል። ለመኪና የምንጠቀምበት፣ ከኤቲሊን ግላይኮል የሚሠራው አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ውሻ ይልሰዋል፣ ኩላሊቱም በዚያው ይጠፋል። የመኪና መስታወት ማጠቢያው ፈሳሽ ሜታኖል አለበት፤ እሱም መርዛማና ተቀጣጣይ ከመሆኑ በላይ ከውኃ ይቀላል። ካልሲየም ክሎራይድ ጨው ነው፤ ጎማ በተበሳበት ቦታ ሣሩ ይቃጠላል፣ ቸርኬውም ይዝጋል። እኛ ከማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ከግቢያችን ጉድጓድ ውኃ የምንጠጣ ሰዎች ነን። በብርዱ ወራት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ጅረቶቻችን መግባቱ ሲያሳስበን፣ በገዛ እጃችን ሌላ ጨው ጎማ ውስጥ ይዘን በጉድጓዱ ዙሪያ ስንመላለስ ለምን እንደማያሳስበን ይገርመኛል።

ሁለተኛው ሥጋቴ አፈሩ ነው። የአካባቢያችን ቀይ ሸክላ አፈር በጸደይ ወራት ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ከባድ ጎማ ያልፍበትና ዱካው ጠጥሮ ይቀራል። ብረት ከሆነ ሣር በሚታጨድበት ወቅት ይፈታል፤ ጎማ ውስጥ የገባ ፈሳሽ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮን ይዞራል።

ከደብረ ብርሃን፦
በሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ በውርጭ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድም ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ጎማ ውስጥ ያለ ብዙ ውኃ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ አይረጋም። እናንተ ዘንድ ግን ብርዱ ለቀናት ሳይለቅ ስለሚቆይ ተራ ውኃን ከምርጫው ብታወጡት ይሻላል።

በጥገና ሥራ ላይ ያለ አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ጎማ ነው፤ የትራክተሩ ፊት ግን ተረስቷል። ሎደሩ አፈር ሲሸከም የፊት አክሰል መደገፊያ ይሆናል፣ የኋላው ክፍልም ወደ ላይ መነሣት ይፈልጋል። ጎማ ውስጥ የተጨመረ ፈሳሽ የኋላውን መሬት ላይ ያስቀረዋል እንጂ ከፊት አክሰል ላይ አንድም ኪሎ አያነሣም፤ ክብደቱ ያረፈው በኋላ አክሰል መስመር ላይ ነውና። ከኋላ አክሰል አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት፣ ለምሳሌ በኮንክሪት የተሞላ ሣጥን፣ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፦ የኋላ ጎማውን ይጫናል፣ የኋላ አክሰልንም መደገፊያ አድርጎ የፊቱን ሸክም በከፊል ያነሣል። ስለዚህ ሎደር ላለው ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ፈሳሽ ወይስ ብረት የሚለው ሳይሆን ክብደቱ የት ይሁን የሚለው መሆን አለበት።

ፈሳሽ ኩሽኔታውን ያደክማል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ ፈሳሹ ያረፈው ጎማው ላይ፣ ጎማው ደግሞ መሬት ላይ ስለሆነ አክሰሉ አይሸከመውም። ቸርኬው ላይ በብሎን የሚታሰረው 22 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረትም እንዲሁ ነው። ሊታሰብለት የሚገባው ካምቢዮው ነው። ቀላል ማሽን ጎማው ሲሾር ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፤ ጎማው መሬት ቆንጥጦ እምቢ ሲል ግን ጫናው ሁሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ለሣር ማጨጃ ብቻ የተሠራ ካምቢዮም ይህን አይችለውም።

ካልሲየም ክሎራይድን በሚመለከት የእህታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። 30 በመቶ ገደማ ሆኖ ሲበጠበጥ በሊትር 1.28 ኪሎ ይመዝናል፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቢደርስም አይረጋም፤ በዋጋም ሆነ በክብደት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ካላማዳሪያ ሳይኖረው የተሞላ ጎማ ስፈታ ቸርኬው በቫልቩ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ቅጠል ተላጦ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ሆኖ አገኘዋለሁ። ሹገር ቢት ከሚባለው ስኳር የሚወጣበት ሥር ተረፈ ምርት የሚሠራው ፈሳሽ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ክብደት አለው፣ ብረት አይበላም፣ መርዝነትም የለበትም፤ እንከኑ ዋጋው መወደዱ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ሌላው አንቲፍሪዝም ከኤቲሊኑ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ክብደቱ ከውኃ እምብዛም አይበልጥም።

ከሎውደን፣ ቨርጂኒያ፦
የሎደሩን ነገር ተቀብያለሁ፤ ከኋላ ሣጥን እንሥራለት። ነገር ግን ሣጥኑ ሣር በሚታጨድበት ጊዜ በየዛፉና በየአጥሩ ሥር መዞር ስለማያስችለን ይፈታል፤ ያን ጊዜ የእኔን ተዳፋት በምን እናጭደዋለን? በሹገር ቢቱ ፈሳሽ ከተስማማን የጉድጓዱ ሥጋት መልስ ያገኘ ይመስለኛል፤ የዋጋውን ልዩነት እኔ እሸፍናለሁ።

በጥገና ሥራ ላይ ያለ አባል፦
ተዳፋቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ተለክቷል? ብዙ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ላይ እንዳይሠራና በተዳፋት ላይም ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም እንዳይነዳ በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። ጎማ መሙላት ይህን ገደብ ከፍ አያደርገውም። ቁልቁል ሲወረድም ፍሬን የሚይዘው ክብደት ጨምሯል ማለት ነው።

ከፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ፦
መርዝ የሌለበት ፈሳሽ ከሆነ በጉድጓዱ ምክንያት ያቀረብኩትን ተቃውሞ አነሣለሁ። የአፈሩን ግን አላነሣም፤ የእኔ ግቢ ሜዳ ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ክብደት የማገኘው ጥቅም የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ጎማው እስከ ሦስት አራተኛው ሳይሆን እስከ 40 በመቶ ብቻ ይሙላ፣ የቀረውም ክብደት በሚፈታ ብረት ይሟላ፤ ደግሞም ዝናብ ከዘነበ በኋላ አፈሩ እስኪጠነክር ድረስ ትራክተሩ ወደ እኔ ግቢ አይምጣ። ተዳፋቱ ተለክቶ ከ15 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ቦታ በትራክተር ማጨድ ይቅር እላለሁ፤ ይህንንም ሦስተኛው ቤተሰብ መልስ እንዲሰጥበት እጠብቃለሁ።