ባሌን ከስልኩ እንዴት ላላቀው?

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን። ባለቤቴ ታታሪ ነው። አይጠጣም፣ ጫትም አይቅምም። ችግራችን ፐብጂ የሚባለው የስልክ ጨዋታ ነው።

የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ድሮ አመሻሽ ላይ ነፈስ ሲል ከዚራ ሰፈር ሄደን፣ ዛፎቹ ስር እየተንሸራሸርን እናወራ ነበር። አሁን ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ስልኩን ቻርጀር ላይ ይሰካና እዚያው ግድግዳው ስር ቁጭ ይላል። ባለፈው እሑድ ቡና አፈላሁ። አቦሉን ቀዳሁለት። "እሺ፣ መጣሁ" አለኝ። ቶናውም በረካውም አለፈ። ስኒዎቹን ሳነሳ አቦሉ እንደተቀዳ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ወድቆበት አገኘሁት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ስቆጣ "መሀል ላይ ማቆም አይቻልም" ይለኛል። እውነቱን ነው። እስከ 100 ሰው አብሮ የሚገባበት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጥሎ ከወጣ ቡድኑ ይጎዳል። ይሄ ይገባኛል። ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ በሽታ እንደመዘገበው አንብቤያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቢያንስ 12 ወር የቆየና ኑሮን ያናጋ መሆን አለበት ይላል። የሱ ስምንት ወሩ ነው፣ ሥራውንም አልበደለም። ታሟል ለማለት ይከብደኛል።

እናቴ "ለሽማግሌ ንገሪ" ትላለች። በስልክ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ማቆም እሱን ማዋረድ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ሳትጣሉ የተስማማችሁ አላችሁ? ወሬውን ከየት ጀመራችሁት? "በቀን ሁለት ዙር ብቻ" ብንባባል ያዋጣል?