ለዝናባማ ቅዳሜ ጥቆማ፦ አኸን፣ ማስትሪክት ወይስ ሊዬዥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ኮሎኝ ነው። ከወር በፊት የቀጠርነው ቅዳሜ ደረሰ፤ ትንበያው ግን ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው ይላል። ቀን መለወጥ አንችልም፤ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳችን ናት፣ ሰኞ ትመለሳለች። የጀርመኗን አኸንን፣ የኔዘርላንዷን ማስትሪክትንና የቤልጅየሟን ሊዬዥን በአንድ ቀን አዳርሶ መመለስ ይቻላል? በዝናብ የሚሻለውስ የትኛው ነው? ሁለታችን የነቢያትን ጾም ይዘናል፤ ስለ ምግቡም ብትጠቁሙን።

መልስ፦ መቻሉንስ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ባለፈው ዓመት ኅዳር እኛም አምስት ሆነን ሦስቱንም በአንድ ቀን ዞርን። ማታ ቤት ስንገባ በደንብ የምናስታውሰው የባቡሩን መስኮትና የራሳችንን እርጥብ ካልሲ ነበር። በዝናብ ቀን የከተማ ዝና ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ከአንዱ ጣሪያ እስከ ሌላው ጣሪያ ያለው እርምጃ ማጠሩ ነው። በዚህ ሚዛን አኸን አንደኛ፣ ማስትሪክት ለጥቂት ሁለተኛ፣ ሊዬዥ ከኋላ ናቸው። ጠዋት አኸን፣ ከሰዓት በኋላ ማስትሪክት ሁኑ፤ ሊዬዥን ለሌላ ቀን አቆዩት።

መጓጓዣው እንዲህ ነው። ከኮሎኝ አኸን በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዶይችላንድቲኬት (በጀርመን የክልል ባቡሮችና አውቶቡሶች የሚሠራው ወርሃዊ ቲኬት) ያለው ሰው እስከዚያ ምንም አይጨምርም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በሄርለን በኩል ማስትሪክት የሚገባው ባለ ሦስት አገሩ ባቡር ነው፤ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ሊዬዥ ድረስ ይዘልቃል። ሌላው 350 ቁጥር አውቶቡስ ነው። እኔ አውቶቡሱን እመርጣለሁ። የአኸን ዋናው ባቡር ጣቢያ ከካቴድራሉ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ሲሆን፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ግን ከመሃል ከተማው ጥቂት ደቂቃ ነው። መንገዱም በፋልስና በጉልፐን በኩል ኮረብታ ለኮረብታ ስለሚሄድ፣ ኔዘርላንድ ሜዳ ብቻ ናት ብሎ ለሚያስብ እንግዳ ጥሩ ማስተባበያ ነው። ለድንበር ማዶው ጉዞ ኦይሬጊዮቲኬት የሚባለውን የቀን ቲኬት ግዙ፤ በሦስቱ አገሮች ድንበር አካባቢ ባሉት አውቶቡሶችና የክልል ባቡሮች ሁሉ ያገለግላል። በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ግን አይሠራም።

በኔዘርላንድ ውስጥ ብቻ ለምትጓዙት መንገድ የባንክ ካርድ ሲገቡና ሲወጡ ማስነካት ይበቃል። አንድ ካርድ ግን ለአንድ ሰው ነው። አንዱ ጓደኛችን «የሁላችሁንም እኔ ልክፈል» ብሎ ካርዱን ደግሞ አስነካ፤ ሁለተኛው ንክኪ የራሱን ጉዞ ዘጋበት። ደግነት በማሽን ፊት እንደዚህ ነው።

ሰነድ አትርሱ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር ጀምራለች፤ ኔዘርላንድም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተከትላለች። እንግዳችሁ ፓስፖርቷን ከነቪዛው ትያዝ፤ እናንተም ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያዙ። ከመካከላችሁ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ካለ ግን፣ በእጁ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ከጀርመን አያስወጣውምና አኸን ላይ ብቻ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር አኸን ለብቻዋም ቀኑን ትሞላለች።

አኸን ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ሂዱ። ታላቁ ካርል፣ ሻርለማኝ የሚባለው ንጉሥ፣ ያሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ814 ሲሞት የተቀበረውም እዚያው ነው። ከ936 እስከ 1531 የጀርመን ነገሥታት የሚነግሡት በዚህ ቤት ነበር። የድንጋይ ዙፋኑን ለማየት በአስጎብኚ መግባት ያስፈልጋል፤ ለዋናው ሕንፃ ግን መግቢያ አይከፈልም። ለእንግዳችሁ አንድ ነገር ንገሯት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች ውስጥ ይህ ካቴድራል፣ ላሊበላና የስሜን ተራሮች አብረው አሉ። የሕንፃው እምብርት ስምንት ማዕዘን ነው። እኔ ከሥሩ ቆሜ ቀና ስል መጀመሪያ የመጣልኝ አራዳ ጊዮርጊስ ነበር።

ከመግባታችሁ በፊት ግን የነሐሱን በር ቁሙና እዩት። በአፈ ታሪኩ የከተማው ሰዎች ሕንፃውን መጨረሻ ገንዘብ አጥተው ከሰይጣን ተበደሩ፤ ዕዳው በመጀመሪያ በሩን አልፎ የሚገባው ነፍስ ነበር። እነሱም ተኩላ ነድተው አስገቡለት። ሰይጣኑ መታለሉን ሲያውቅ ተናዶ በሩን ሲያላትም አውራ ጣቱ ተቆርጦ እዚያው ቀረ ይላሉ። በበሩ ላይ ባለው የአንበሳ ራስ አፍ ውስጥ እጃችሁን አስገቡ፤ ጣት የመሰለ ነገር ትዳስሳላችሁ። ብረቱ በኅዳር ሲነኩት እንደ በረዶ ነው።

ዝናቡ ከበረታ ጥቂት ደቂቃ ርቆ ኤሊዘንብሩነን የሚባል ባለ ዓምድ ሰገነት አለ፤ ከዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ፍል ውሃ ይፈሳል። የድኝ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ሙቀቱን ተካፈሉ። ሻርለማኝ ለአኸን ልቡ ያዘነበለው በዚህ ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱም ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም። ዋና ልብስ የያዘ ሰው ካሮሉስ ተርመን ገብቶ ሊዘፈዘፍ ይችላል፤ እዚያ ከገባችሁ ግን ማስትሪክትን እርሷት፣ ማንም በፈቃዱ አይወጣም።

የአኸን ስጦታ ፕሪንተን ነው፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ድምብላል የገባበት፣ በጥቁር ሽሮፕ የሚጋገር ጠንካራ ብስኩት። ባህላዊው ዓይነት ወተትም እንቁላልም አይገባበትምና ለጿሚዎቻችሁ ይሆናል፤ ቸኮሌት የተቀባውን ግን ማሸጊያውን አንብቡ። ላምበርትስን ከዚህ አትሸከሙ፤ ከ1688 ጀምሮ የነበረ ቤት ቢሆንም ኮሎኝ ሱፐርማርኬት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለእጅ ሥራው ክላይን ይሻላል፤ ካቴድራሉ አጠገብ ያለው ኖቢስ ደግሞ በቅርበቱና ትኩስ ዳቦም በማግኘታችሁ ያሸንፋል። ተቀምጦ ቡና ለመጠጣት ፋን ደን ዳሌ ግቡ፤ ክፍሎቹ ጠባብ፣ ደረጃዎቹ ያረጁ፣ ጃንጥላ የሚቀመጥበት ቦታም ያለው ነው። የሩዝ ኬኩ ዝነኛ ነው፤ ለጾም ግን አይሆንም።

ማስትሪክት ላይ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዶሚኒካነን የመጻሕፍት መደብር፦ እ.ኤ.አ. በ1294 የተባረከ የመነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ በኋላ ዘመን የብስክሌት ማቆሚያ ሆኖም ያውቃል፣ አሁን ጥቁር የብረት መደርደሪያ ፎቅ በፎቅ ቆሞበት መጽሐፍ ይሸጥበታል። ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ የጣሪያውን ሥዕል በቅርብ እዩ። መቅደሱ የነበረበት ቦታ ላይ ቡና ይሸጣል። እኔ እዚያ ቡና ለመጠጣት ትንሽ ከበደኝ፤ ጓደኞቼ ግን አልከበዳቸውም። ሁለተኛው የሲንት ፒተርስቤርግ ዋሻ ነው። ለግንባታ የሚሆን ለስላሳ ድንጋይ ለዘመናት ሲቆረጥበት የቀረ የመተላለፊያ መረብ ነው፤ ያለ አስጎብኚ አይገባም፣ ሰዓቱን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሬምብራንት «የሌሊቱ ዘብ» ሥዕል ተጠቅልሎ የተደበቀው እዚያ ነበር። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ አካባቢ ነውና ሹራብ ደርቡ። ውጭ ዶፍ ቢወርድ ውስጥ ሆናችሁ አትሰሙትም።

የሦስቱ አገሮች ድንበር የሚገናኝበትን ኮረብታ፣ ፋልሰርቤርግን፣ በዝናብ ተዉት። ከፍታው 322 ሜትር ነው፤ ጉም ከወረደበት የምታዩት አንድ ምሰሶና ጓደኛችሁን ብቻ ነው።

ስለ ጃንጥላ፦ ከአንድ ጣቢያ ሱቅ በርካሽ የገዛሁት በማስትሪክቱ አሮጌ ድልድይ ላይ ነፋስ ገልብጦት አጥንቱ ብቻ ቀረ። በወንዝ ዳር ከተማ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ከሁለት ጃንጥላ ይበልጣል። ቦይንራዳር የሚባለውን የደች መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ያሳያል። ጀርመን የገዛችሁትን የላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ድንበር ሳትሻገሩ መልሱ፤ የመያዣዋን 25 ሳንቲም ማስትሪክት ላይ የሚሰጣችሁ የለም።

ሌላ መልስ፦ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በሁለት ነገር ግን አልስማማም። አንደኛ፣ አውቶቡሱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መንገድ የሚያዞረው ሰው ካለ ባቡሩን ያዙ። ሁለተኛ፣ ሊዬዥ ተበድላለች። አርክቴክቱ ካላትራቫ የነደፈው የጊይመን ባቡር ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው፣ ለብቻውም ጉዞ ይገባዋል፤ ያ ሁሉ ብረትና መስታወት በዝናብ ሲያበራ ማየት ነው። እርግጥ ነው ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባበታል፣ ለብሳችሁ ቁሙ። ከጣቢያው መሃል ከተማ ሩቅ ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ግን ትራም ስላለ ያ ቅሬታ ቀርቷል። የቡረን ተራራን 374 ደረጃዎች በእርጥብ ድንጋይ አትሞክሩ። የሊዬዡ ዋፍል ደግሞ ሊጡ ውስጥ ያለው የስኳር እንክብል ቀልጦ ዳሩ ላይ ሲያር ነው የሚጣፍጠው፤ ትኩሱን ቆማችሁ ብሉ፣ ታሽጎ የቆየውን አትግዙ።

ለጿሚዎቹ ማስጠንቀቂያ፦ ዋፍሉ ቅቤና እንቁላል አለበት። ቤልጅየም ድንች ጥብስ ስታዩ «ይህስ የጾም ነው» እንዳትሉ፤ በባህሉ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ጠይቃችሁ ግዙ። የከተማው ዝነኛ የሥጋ ድብልብልም ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይቀላቀልበታል፤ ይህ ለሁላችሁም ነው።

ጠያቂዋ፦ ሄደን ተመለስን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አኸንና ማስትሪክት ብቻ አልን፣ በአውቶቡሱ ሄደን በባቡሩ ተመለስን። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ መንገዱ ያምራል፣ አንዷንም አዙሯታል። ዋሻው ሰዓት ሞልቶ ስለነበር አልገባንም፤ ከሁለት ቀን በፊት መያዝ ነበረብን። የድንበር ጠባቂ ደግሞ አውቶቡሱ ላይ አልገጠመንም፣ ፓስፖርታችን ግን ኪሳችን ውስጥ ረጠበ፤ ላስቲክ ያዙ። እንግዳችን በበሩ አንበሳ አፍ ውስጥ እጇን አስገብታ «አለ! ጣቱ አለ!» ስትል ወረፋ የያዙት የጀርመን ሽማግሌዎች ሁሉ ሳቁ። ፕሪንተኑን ግን ጥርስ ይሰብራል ብላ ሻይ ውስጥ እየነከረች ነው የበላችው፤ ሁለት ፓኮ ደግሞ ለእናቷ ይዛ ሄዳለች።